«መጣ!» ሲባል ኮት አትልበሱ

ክብርት ኃላፊያችን ወይዘሮ ትርሲት፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከኋላ የተቀመጥከው ወዳጄ ዘይኑዲንም፤ እንደምን ዋላችሁ!

ከሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ወንበር የደረደራችሁ፣ ድፎ የጋገራችሁ፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን የተከላችሁ ሁሉ እጃችሁ ይባረክ። በተለይ ለስላሳውን ከክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያላስቀመጣችሁትን ከልብ አመሰግናለሁ። አላስቀመጣችሁም አይደል? አላምረው፣ የማቀዝቀዣው ቁልፍ አንተ ጋ ነው፤ መስክር። ጥሩ፣ ራሱን ነቅንቋል። እንጠጣለን።

ስጦታዬንም አይቼዋለሁ። በወረቀት ሸፍናችሁት ነበር፤ እጀታው ግን ወጥቶ ሰላም ይለኝ ነበር። ሻንጣ ነው። ያውም ባለ ጎማ! ሠላሳ አራት ዓመት ቦርሳ በጀርባዬ ተሸክሜ ኖሬ፣ መሄድ በማቆምበት ቀን ጎማ ገዛችሁልኝ። መቅደስ «ጋሼ፣ እንዳይከብድዎት ብለን ነው» አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። ይህን ሻንጣ እየጎተትኩ የዞብልን ተራራ ብወጣ ኖሮ ግን ከላይ የምንደርሰው እኔና እጀታው ብቻ ነበርን።

ዛሬ ብዙ እስቃለሁ። ታገሡኝ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ያለቅሳል ይባላል፤ እኔን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሳቄ ይመጣል። ባለቤቴ የትናየት «ዛሬ ቢሮ ሄደህ እንዳታዋርደኝ» ብላ ነው የሸኘችኝ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ባለፈው ማክሰኞ ወይዘሮ ትርሲት ቢሯቸው ጠሩኝ። ሰኞ ስድስት ሰው ከዞብል ማዶ ላሉት ከብቶችና ፍየሎች ክትባት ይዞ ይወጣል። አሥራ ሁለት ቀን ነው። መኪና የሚደርሰው እስከ ዳገቱ ግርጌ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እግር፣ ግመልና ድንኳን ነው። «ጋሽ ይሁኔ» አሉኝ፣ «እስካሁን ቡድኑን የመሩት እርስዎ ነበሩ። ማን ይተካዎት? በስንብትዎ ቀን ስሙን ይንገሩኝና እፈርማለሁ።»

ስሙን እናገራለሁ፤ ግን መጨረሻ ላይ። አሁን ብናገር ግማሻችሁ ወደ ዳቦው ትሄዳላችሁ። ከስሙ በፊት ሁለት ዕዳ አለብኝ። አንደኛው፣ ሜዳ ላይ የተማርኩትን ለሚወጡት ስድስት ሰዎች ማስረከብ ነው። ሁለተኛው ይከብዳል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የተሳሳተ ሪፖርት አለኝ። እሱን ሳላርም ከዚህ ግቢ ብወጣ፣ የምጠቁመው ሰው ሰኞ ቡድኑን አይመራም። ስሙን ስጠራ ትስቃላችሁ፤ ወይዘሮ ትርሲትም ብዕራቸውን መልሰው ኪሳቸው ይከቱታል።

ከቦርሳ ልጀምር።

መቅደስ፣ ፍቀጂልኝ፤ ያንቺን ነው የምናገረው። አምና የመጀመሪያ ዘመቻዋን ልትወጣ ስትል ቦርሳዋን ከፍየል ሚዛናችን ላይ ሰቀልነው። ሃያ ሦስት ኪሎ! እሷ ራሷ ሃምሳ አትሞላም። አንድ በአንድ ስናወጣ ከታች ምን አገኘን? ካውያ።

«ይሄ ምን ይሠራል?» አልኳት።

«ጋውኔን ልተኩስበት ነው ጋሼ።»

«የት ሰክተሽ?»

ትንሽ አሰበች። «እሱን አላሰብኩበትም።»

ልጆቼ፣ ቦርሳችሁ ከክብደታችሁ ሩብ አይለፍ። ለመቅደስ አሥራ ሁለት ኪሎ ነው፤ ውሃውን ጨምሮ። ከባዱን ነገር ከታች አትጨምሩት፤ ወገብ ይጎትታል። መሃል ላይ፣ ወደ ጀርባችሁ አስጠግታችሁ አድርጉት። ቶሎ የምትፈልጉትን ከላይ። ከዚያ እሑድ ዕለት ቦርሳውን ሞልታችሁ ከዚህ እስከ ባጃጅ መቆሚያው ሄዳችሁ ተመለሱ። የቆቦ ሰው ይስቅባችኋል። ይሳቅ! አንድ ዕቃ ባጃጅ ሹፌሮች ፊት ማውጣት፣ ዞብል ዳገት ላይ ከማውጣት በብዙ ይቀላል። እዚያ የወጣ ዕቃ አይመለስም። የመቅደስ ካውያ እዚያ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንዱ ቤት በር እንዳይዘጋ ይደገፍበት ነበር።

ጫማ። በአዲስ ጫማ አትውጡ። ይህን የተማርኩት በገዛ ተረከዜ ነው። ከደጋው ተዛውሬ እዚህ በመጣሁ ዓመት፣ ቆላ ለመውረድ ብዬ የሚያብለጨልጭ ጫማ ገዛሁ። በሁለተኛው ቀን ጫማው በእጄ፣ እኔ በበረባሶ ነበርኩ። በረባሶውን የሰጡኝ አንድ ሽማግሌ ገበሬ «ጫማህን ከእሾህ እየጠበቅከው ነው?» አሉኝ።

ሁለት ካልሲ ያዙ፤ አንዱ እግራችሁ ላይ፣ አንዱ ቦርሳችሁ ላይ ታስሮ እየደረቀ። ጠዋት ተረከዛችሁን በደረቅ ሳሙና እሹት። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ተረከዝ ሲሞቃችሁ እዚያው ቁሙ። «ጓደኞቼን አላስቆምም» የሚል ይሉኝታ አያስፈልግም። ሲሞቅ ብትቆሙ አምስት ደቂቃ ነው፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ ትሄዳላችሁ። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ብትቆሙ ግን ለቀሪው መንገድ የሚሸከማችሁ ሰው እንፈልጋለን፤ እኛ ደግሞ የተማርነው የከብት ሕክምና ነው።

ርቀት! እዚህ ላይ ወዳጄን ዘይኑዲንን ላስተዋውቃችሁ። ከዞብል ወዲህ ሜዳው ጫፍ ላይ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ በየዓመቱ በግመሎቹ ዕቃችንን ጭኖ መንገድ የሚመራንም እሱ ነው። ተነሥና ይዩህ። ይኸው።

አንድ ቀን ከጠዋት ተነሥተን ስንሄድ፣ «ዘይኑዲን፣ መንደሩ ስንት ሰዓት ይቀረዋል?» አልኩት።

«እዚችው ናት።»

ሁለት ሰዓት ሄድን። «ዘይኑዲን?»

«ወላሂ እዚችው ናት።»

ሌላ ሁለት ሰዓት። ምላሴ ደርቋል። «ዘይኑዲን፣ ወንድሜ?»

«ኢንሻአላህ እዚችው ናት።»

ያን ቀን አንድ ትልቅ ትምህርት ቀሰምኩ። «ወላሂ» ወደ «ኢንሻአላህ» ሲለወጥ ውሃ መቆጠብ ጀምሩ።

አትሳቁበት፤ ሰውየው አይዋሽም። በሱ እግር በእውነት እዚችው ናት። ጥፋቱ የጥያቄያችን ነው። ሰዓት አትጠይቁ። «አሁን ተነሥተህ ደርሰህ ብትመለስ ምሳህን ቤትህ ትበላለህ?» በሉት። «አዎ» ካለ ጥሩ። «ራቴን» ካለ፣ እናንተ የምትመለሱት በማግስቱ ነው። ከሁሉ የተሻለ መልስ የምታገኙት ግን ከዚያ ቦታ ውሃ ቀድታ ከምትመለስ ሴት ነው። ጀሪካን የተሸከመ ሰው ርቀትን በትክክል ያውቃል።

ውሃ ካነሣን፣ በዚያ ሙቀት ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር ያዙ። ሳይጠማችሁ ጠጡ። ሽንታችሁን እዩ፤ መቼም ሐኪሞች ነን፣ አንተፋፈር። ከጠቆረ ጥላ ሥር ተቀመጡና ጠጡ። ለአንድ ሊትር የተፈላ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ለፍየል ስታዘጋጁ አንድ ግራም አትሳሳቱም፤ ለራሳችሁ ሲሆን በእፍኝ ነው የምትገምቱት። ለምን? ፍየሏ ትበልጣለች?

ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጥላ ፈልጉና ዕረፉ፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ተኩል ማንም ጀግና አይሁን። ጃንጥላ ያዙ። ወንዶች፣ እናንተም ያዙ! አንድ ጊዜ አንዱ ወንድማችን «ጃንጥላ ይዤ ግመል ፊት አልሄድም» ብሎ በስምንት ሰዓት ራሱን ስቶ ወደቀ፤ የተነሣው ጃንጥላ ተዘርግቶለት፣ ግመሉ ላይ ተጭኖ ነው። ግመሉ ምንም አላለም።

ምግብ ላይ አልረዝምም። በሶ ያዙ። በሶ ምድጃ አይፈልግም፣ አይሻግትም፣ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ወዲያው ምሳ ይሆናል። በሶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ስለሚሆነው ነገር ቆይቼ ሌላም የምነግራችሁ አለ።

«ይሁኔ! ብዙ ይቀራል?»

ሰማችሁት? ዘይኑዲን ነው። እዚችው ናት ዘይኑዲን! ወላሂ እዚችው ናት!

ሁለት ነገር ብቻ ጨምሬ ወደ ድንኳኑ እገባለሁ። አንዱ አጎበር ነው። «ድንኳኑ ዚፕ አለው» አትበሉ። ዚፑን የሚከፍተው ሰው ነው፤ ትንኟ ደግሞ ከሰውየው ቀድማ ትገባለች። ሁለተኛው ፌስታል ነው። የያዛችሁትን ፌስታል ሁሉ ይዛችሁ ተመለሱ፤ አንድም አትጣሉ። ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ «ለውበት ነው» ይላል። እኛ ግን የሞተች ፍየል ሆድ ከፍተን ውስጡ ምን እንዳለ አይተናል። ጠዋት ከትበናት፣ ማታ በፌስታላችን ብንገድላት ምን ዓይነት ሐኪም ነን?

እሺ። አሁን ወደ ድንኳን መጣሁ።

አያችሁ! «መጣሁ» ስል ሁላችሁም አላምረውን እያያችሁ ሳቃችሁ። አየኋችሁ። አላምረውም ሳቀ፤ እሱ ሁልጊዜ ይስቃል።

አዲስ ለመጣችሁት ላስረዳ። በዚህ ቢሮ አላምረው በበር በገባ ቁጥር አንድ ሰው «መጣ!» ይላል፣ ሌላው ይስቃል። ምክንያቱ ሲጠየቅ እንዲህ ይባላል፤ አላምረው ጀማሪ በነበረ ጊዜ ድንኳናችንን የጎርፍ መግቢያ ላይ ተከለ፣ ጎርፉ ሲመጣ «መጣ! መጣ!» እያለ ሮጠ፣ ጋሽ ይሁኔ ግን ደርሶ ክትባቱን አዳነ። ሪፖርቱም ፋይል ውስጥ አለ። ማክሰኞ ዕለት ወይዘሮ ትርሲት ራሳቸው «አላምረው ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ግን ያ የጎርፉ ነገር…» አሉኝ። አላጠፉም፤ ፋይሉን አንብበው ነው።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። የቦታው ባለቤት ከኋላ ተቀምጧል፤ ከዋሸሁ ይነሣ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሐምሌ መግቢያ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጉዟችን ነው፤ ዞብል ከመድረሳችን በፊት ሜዳው ላይ ልናድር ነው። መሪው እኔ ነኝ። በአገልግሎት ከሁሉም እበልጣለሁ፤ ግን የደጋ ሰው ነኝ፣ ቆቦ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። አላምረው ከተቀጠረ ገና ሦስት ወሩ ነው፣ የሙከራ ጊዜውን አልጨረሰም። ግን የዚሁ የሮቢት ልጅ ነው። ይህን ሜዳ እንደ መዳፉ ያውቃል።

አሥር ሰዓት ላይ፣ እኔና አላምረው ከሌሎቹ ቀድመን ስንሄድ፣ አንድ ቦታ አየሁ። ምን ዓይነት ቦታ! ደልዳላ፣ ድንጋይ የሌለው፣ እሾህ የሌለው፣ አፈሩ እንደ ፍራሽ የለሰለሰ። ዙሪያውን ዝቅ ባለ የአፈር ግድብ ታጥሯል። «ድንኳን እዚህ ነው» አልኩ።

አላምረው ቀስ ብሎ ቀረበኝ። «ጋሼ፣ ባለቤቱን ብንጠይቅ አይሻልም? ይሄ እኮ የተሰናዳ መሬት ነው።»

«ለኛ የተሰናዳ ነው» አልኩት። ቀልድ መሆኑ ነው።

«ጋሼ፣ ምዕራቡን ይዩት እስቲ።»

አየሁት። ከእኛ በላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከቆቦ ጀርባ ያለው ተራራ ግን ጥቁር ለብሷል። ምን ብዬ መለስኩለት መሰላችሁ? «እሱ እዚያ ነው፤ እኛ እዚህ ነን።»

እስከ ዛሬ ከተናገርኳቸው ንግግሮች ሁሉ የባሰው ይህ ነው። የዛሬውን ጨምሮ።

ካስማውን መታን። ድንኳኑ ቆመ። ገብቼ ጋደም አልኩ። አሁን አንድ ነገር አስታውሱ፤ በዚያ ሳምንት ከዞን ሱፐርቪዥን ሊመጣ እንደሚችል ደብዳቤ ደርሶን ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ ቢሮ ውስጥ «መጣ» ከተባለ የሚመጣው እሱ ብቻ ነበር። «መጣ!» ይባላል፣ ሁሉም መዝገቡን ይገልጣል፣ ያልተላጨው ይደበቃል።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከሩቅ ድምፅ ሰማሁ። ጉርምርምታ ነው። የሁለት ሦስት መኪና ድምፅ። ከዚያ ሰው ጮኸ፤ «መጣ! መጣ!» ሌላውም ተቀበለ፤ «መጣ! አልሐምዱሊላህ፣ መጣ!»

«ሱፐርቪዥን!» አልኩና ዘልዬ ተነሣሁ። በዚህ ደስታ ሲቀበሏቸው ስሰማ «እዚህ አገር ሱፐርቪዥን እንዴት ይወደዳል!» ብዬ ተገረምኩ። ኮቴን ለበስኩ። ቁልፉን ቆለፍኩ። ፀጉሬን በውሃ አራስኩ። መታወቂያዬን ደረቴ ላይ ሰካሁ። መዝገቡን ብብቴ ውስጥ ይዤ፣ ፈገግ ብዬ፣ እጄን ለሰላምታ ዘርግቼ ወጣሁ።

እጄን የጨበጠኝ ጎርፍ ነው።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ቡናማ ውሃ፣ አረፋ ደፍቆ፣ ቅርንጫፍ ተሸክሞ፣ በተከፈተው ግድብ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ይመጣል። ከአጠገቡ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይሮጣል፣ ይጮሃል፣ ይስቃል። ያ ሰው ዘይኑዲን ነው። ምን እየጠበቀ ነበር መሰላችሁ? ይህን ጎርፍ! እኔ ባደግኩበት ደጋ ጎርፍ ይባረራል፤ እዚህ ግን ቦይ ተቆፍሮለት፣ መሬት ለስልሶለት፣ እንደ እንግዳ ይጠበቃል። የዓመቱ ማሽላ እሱ ነው። «መጣ» ማለት «ዘንድሮ እንበላለን» ማለት ነው። እኔ ደግሞ ኮት ለብሼ እርሻው መሃል ቆሜያለሁ።

«አንተ ሰውዬ! እርሻዬ ላይ ምን ትሠራለህ?» አለኝ።

«ሱፐርቪዥን እየጠበቅኩ ነው» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ውሃውን አየ፣ እኔን አየ። «ይኸው መጣልህ!» አለኝ።

መተዋወቅ ከተባለ፣ ከዘይኑዲን ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው። ውሃው ጉልበቴ ደረሰ። ድንኳኑ ተነቅሎ ሄደ። ሃያ ኪሎ በሶ ከነከረጢቱ ሄደ። የዚያ ዓመት የዘይኑዲን ማሽላ በበሶ ነው ያደገው፤ ለዚህም ነው እንደዚያ ያማረለት።

ክትባቱስ? እኔ ፀጉሬን ሳርስ፣ አላምረው የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ግድቡ ላይ ወጥቶ ነበር። ድምፁን ገና ሲሰማ ነው የሮጠው። ተመልሶም ገባ። አንድ ጊዜ ከብብቴ ለወደቀው መዝገብ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለእኔ። ኮቴን ከኋላ ይዞ ነው የጎተተኝ። እንደ ጥጃ።

በማግስቱ ቢሮ ስንመለስ፣ የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን «ማነው እዚያ ቦታ የተከለው?» ብለው ጠየቁ።

አልዋሸሁም። አፌ አልዋሸም። ዓይኔ ግን ወደ አላምረው ዞረ። በቃ፣ ዞረ። ኃላፊው ዓይኔን ተከትለው አላምረውን አዩት፣ አላምረው መሬቱን አየ። ሪፖርቱ ተጻፈ። «ቦታው በጀማሪ ባለሙያ የተመረጠ ሲሆን፣ በቡድን መሪው ፈጣን እርምጃ ክትባቱ ተርፏል።» አነበብኩት። ፈረምኩበት። ፊርማዬም ያምራል።

ከዚያ ወዲህ አላምረው ዘመቻ አልቀረም። ሰኔ ሲመጣ ድንኳኖቹን ፀሐይ ላይ ያሰጣል፣ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ካስማ ይቆጥራል፤ ከዚያ ሳጥኑን ተሸክሞ ከኋላ ይመጣል። ፊት ሄዶ አያውቅም። ለማደሪያ ጥሩ ቦታ መርጫለሁ ባልኩበት ቀን ሁሉ ግን ከኋላ አንድ ድምፅ «ጋሼ፣ እዚያ ማዶ አይሻልም?» ብሎኝ ነበር። ያን ድምፅ ነው እናንተ «የጋሽ ይሁኔ ልምድ» ስትሉት የኖራችሁት።

አንድ ዓመት «ጋሼ፣ ዘንድሮ አንዱን ቡድን እኔ ልምራ ይሆን?» አለኝ። «ሳጥኑን ማን ይሸከማል?» አልኩት። ይህንንም ያልኩት እኔ ነኝ።

አላምረው፣ ዛሬ በሰው ፊት ልጠይቅህ። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ለምን ዝም አልክ?

ምን አልክ? ጮክ በል፣ ከኋላ አልሰሙም። እሺ፣ እኔ ልድገመው። «ጋሼ፣ ኮቱ አሳዘነኝ» ነው ያለው። «ከነኮትዎ፣ ከነመታወቂያዎ ጎርፍ ውስጥ ቆመው ሳይዎት አሳዘኑኝ» ይላል።

ይኸው። እናንተ ሳቃችሁ፣ እኔ ደግሞ… ቆይ፣ ውሃ ልጠጣ። ሳይጠማችሁ ጠጡ ብያለሁ።

ስለዚህ የድንኳን ምክሬን ከእኔ ሳይሆን ከሱ የተማርኩት መሆኑን አውቃችሁ ስሙ። ከላያችሁ ያለውን ሰማይ አትዩ፤ ውሃው የሚመጣበትን ተራራ እዩ። ደልዳላ ቦታ ስታገኙ ከመደሰታችሁ በፊት ለምን ደልዳላ ሆነ በሉ። ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ካያችሁ፣ ጎርፉ እስከዚያ ከፍታ ደርሶ ነበር ማለት ነው። የጎሊና ወንዝ አሸዋ የቱንም ያህል ቢለሰልስ አትተኙበት። የመጀመሪያውን ካስማ ከመምታታችሁ በፊት የመሬቱን ባለቤት ጠይቁ። ድንገት ውሃ ከቀደማችሁ ደግሞ ዕቃውን ተዉትና ከፍታ ያዙ፤ የሚወርድ ጎርፍ አትሻገሩ፣ ተቀምጣችሁ ጠብቁት፣ ይጎድላል። ከቡድኑ ታናሹ «ጋሼ፣ ምዕራቡን ይዩት» ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ዞር ብላችሁ እዩት።

ክብርት ወይዘሮ ትርሲት፣ ይህ የፈረምኩበት ወረቀት የድሮው ሪፖርት ማረሚያ ነው። ከተናገርኩት ጋር አንድ ነው፤ ቀልዱን ብቻ ቀንሼለታለሁ። ምስክርም አለው፤ ዘይኑዲን ፈርሟል። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለምን አልተናገርክም?» ስለው «ማን ጠየቀኝ?» አለኝ። ልክ ነው። ባለቤቱን አለመጠየቅ የቆየ ጥፋቴ ነው።

የጠየቁኝ ስም ደግሞ አላምረው ነው።

አልሳቃችሁም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወይዘሮ ትርሲትም ብዕራቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ አያለሁ። ወረቀቱ ላይ ነው የሚፈርሙት ወይስ ሙቀቱ ሆኖብኝ ነው? ፈረሙ! ኧረ አጨብጭቡ፣ እጃችሁ ለዳቦው ብቻ አይደለም!

ልመርቃችሁና ልውረድ። የምትወጡት ስድስታችሁ በእግራችሁ ሄዳችሁ በእግራችሁ ተመለሱ። ጥላ አይጉደልባችሁ፣ ውሃ አይምጣባችሁ፣ ሲያስፈልግም አይጥፋባችሁ። የከተባችሁት ከብት ይርባ። እዚህ የምትቀሩት፣ ወንበራችሁ ወገባችሁን አይያዘው። ለሁላችሁም ከእኔ የተሻለ መሪ፣ ከእኔ የፈጠነ እውነት ይስጣችሁ። በየሃይማኖታችን አሜን፣ አሚን እንበል።

ሰኞ ጠዋት እኔም እመጣለሁ፤ ባለ ጎማውን ሻንጣ ይዤ ከሁላችሁ ኋላ በሩ ላይ ቆሜ እጄን አውለበልባለሁ። ከሁሉ ኋላ መሆን የአላምረው ቦታ ነበር፤ አሁን ተለዋውጠናል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይህን የለበስኩትን ኮት «ጋሼ፣ አሁንስ ይጣሉት» ስትሉኝ የኖራችሁት፣ ጫፉ ላይ ባለው ቡናማ እድፍ ምክንያት ነው። የዘይኑዲን ጎርፍ ነው። እንዳልረሳ ብዬ አላስለቀቅኩትም። ይኸው፣ አውልቄዋለሁ።

አላምረው፣ ና ውሰደው። ከዞብል ማዶ ስትደርስ ሰዎቹ ከሩቅ ያዩሃል፤ ከብቶቻቸው የሚድኑበትን የያዘ ሰው ሲያዩ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። አንድ ቃል ነው የሚጮኹት፤ በደስታ ነው የሚጮኹት። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ አልክድም። ለአንዲት ደቂቃ ብቻ ግን፣ «መጣ!» ሲሉ፣ አንተ ኮቱን ልበስ።